የሁለታችን ግራ ጉልበት

ይህ ነገር ከሆነ ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው። እስካሁን ለማንም በሙሉ አውርቼው አላውቅም። ስጀምረው ስለ ራሴ ጉልበት የማወራ ይመስላል፤ ሰውም «እግዚአብሔር ይማርሽ፣ አሁን ተሻለሽ አይደል?» ይልና ወሬው እዚያው ያልቃል። እኔ ግን መናገር የምፈልገው ስለ ጉልበቴ አይደለም። ስለ ፈቲያ ነው። ስለ እሷ ለመናገር ደግሞ ከጉልበቴ መጀመር ግድ ይለኛል፤ ያገናኘን እሱ ነውና።

ስምረት እባላለሁ። ፒያሳ ተወልጄ ያደግኩ የአራዳ ልጅ ነኝ። ያኔ በአንድ የባህል ቡድን ውስጥ ተወዛዋዥ ነበርኩ። የምንለማመደው ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ብዙም በማይርቅ አዳራሽ ነው። ከሁሉም ጭፈራ የምወደው የጉራጌኛውን ነበር። ትንፋሽ አይሰጥም፤ እግር መሬት ነካ ሳይል ይነሳል። አሰልጣኛችን «ስምረት መሬቱ ያቃጥላታል» ይለኝ ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት፣ ለሠርግ የምናቀርበውን ስንለማመድ፣ ዘልዬ ሳርፍ ግራ እግሬ ባለበት ተተክሎ ቀረና ሰውነቴ ብቻውን ዞረ። ጉልበቴ ውስጥ «ቋ» አለ። ከበሮ መቺው እንኳን ሰምቶታል። መጀመሪያ ላይ ሕመሙ ያን ያህል አልነበረም፤ ተነስቼ ልቀጥል ሞክሬ ነበር። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ግን ጉልበቴ አብጦ ሱሪዬ አልወልቅ አለ።

ጤና ጣቢያ ሄድኩ፣ ራጅ ተነሳሁ። አጥንቱ ደህና ነው ተባልኩ። እማዬ እልል አለች። እብጠቱም እየጎደለ ሄደ፣ እኔም ያለፈልኝ መሰለኝ። ሜዳ ላይ ስሄድ ምንም አልነበረኝም። ቁልቁለትና ደረጃ ላይ ግን ጉልበቴ ይከዳኝ ጀመር። እንዴት እንደምገልጸው አላውቅም። አያምም፣ ዝም ብሎ የለም። አንድ ቀን ከፒያሳ ወደ ቴዎድሮስ አደባባይ ቁልቁል ስወርድ እግሬን አሳረፍኩ፤ ጉልበቴ ግን አልተቀበለኝም። አስፋልቱ ዳር በግንባሬ ተደፋሁ። ሰው ሁሉ ተሯሩጦ አነሳኝ። ያን ዕለት ነው የአጥንትና የመገጣጠሚያ ሐኪም ዘንድ ለመሄድ የወሰንኩት።

የሄድኩበት ክሊኒክ እዚያው ፒያሳ ነው፤ ደረጃ የሚበዛበት አሮጌ ፎቅ ላይ። የጉልበት በሽተኛ ሁሉ ያንን ደረጃ እየረገመ ነበር የሚወጣው። ተራዬን ስጠብቅ ከጎኔ ቱታ የለበሰች፣ ሻርፕ ጣል ያደረገች፣ ቀጭን ልጅ ተቀምጣለች። እግሯን ዘርግታ ታየኛለች።

«የቀኝ ነው የግራ?» አለችኝ፣ ሰላም እንኳን ሳትለኝ።

«የግራ።»

«የኔም የግራ ነው! በቃ ተደምረን ሁለት ቀኝ እግር ያለው አንድ ሰው ይወጣናል። ለኳስ ባይሆንም ለወረፋ ይበቃል።»

ሳቅኩ። ከወደቅኩ ወዲህ የሳቅኩት ያኔ መሰለኝ። ፈቲያ እንደምትባል ነገረችኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። የሴቶች እግር ኳስ ትጫወታለች፣ መሀል ሜዳ። አንድ ትልቅ ክለብ ጠርቷት ሙከራ ልትሄድ ስትዘጋጅ ልምምድ ላይ ከአንድ ተጫዋች ጋር ተጋጨች፤ ከዚያ ወዲህ ጉልበቷ ያማታል። የቡድኗ ሰዎች በሙሉ ጅማት ነው ብለዋታል። «ጅማት ከሆነ አለቀልኝ፤ ዓመት ሙሉ ቁጭ ነው። ክለቡ ዓመት አይጠብቀኝም» አለችኝ። ስትናገር ድምጿ ቀነሰ። ሌላውን ሁሉ ስታወራ ግን ጮክ ብላ ነበር።

አጠገቧ የተቀመጡት አባቷ ጋሽ ከድር ናቸው። እዚያው ፒያሳ ለልብስ ሰፊዎች ክር፣ ዚፕና ቁልፍ የሚሸጡበት ሱቅ አላቸው። ዝምተኛ ሰው ናቸው። የልጃቸውን የኳስ ጫማ በፌስታል አድርገው ጭናቸው ላይ ይዘዋል። ለምን ይዘውት እንደመጡ ገርሞኝ ስጠይቅ ፈቲያ ሳቀች። «ሐኪሙ ደህና ነሽ ካለኝ በቀጥታ ሜዳ ልሄድ ነው። ድሮ እኮ ጫማዬን ይደብቅብኝ ነበር። አሁን ከኔ ብሶ ተሸካሚ ሆኗል።» ጋሽ ከድር ፈገግ አሉ።

እኔ ምን ሆኜ እንደመጣሁ ስነግራት ደግሞ ጭራሽ በሳቅ ፈረሰች። «ጉራጌ ሳትሆኚ በጉራጌኛ ተሰበርሽ? እኛ እኮ ከእናታችን ሆድ ስንወጣ እየዘለልን ነው። አንቺን ማን ግቢ አለሽ?»

ቀድሜ የገባሁት እኔ ነኝ። ሐኪሙ ሽማግሌ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው። መጀመሪያ ጉልበቴን አልነኩትም፤ ጠየቁኝ። ስትወድቂ ድምፅ ሰምተሻል? ያበጠው በዚያው ቀን ነው? ስትሄጂ ይከዳሻል? ለሁሉም አዎ፣ አዎ፣ አዎ አልኩ። ከዚያ አስተኝተውኝ በደህናው እግሬ ጀመሩ። ጉልበቴን ትንሽ አጠፍ አድርገው፣ በአንድ እጃቸው ጭኔን ያዙ፣ በሌላው ባቴን ወደ ፊት ሳብ አደረጉ። ሳብ ሲያደርጉት ውስጥ የሆነ ነገር ቀጥ አድርጎ ያዘው። «ይሄ ደህና ጅማት ነው፤ እንደተወጠረ ገመድ ቀጥ ያደርጋል» አሉኝ። ከዚያ የታመመውን እንዲሁ ሳቡት። እግሬ እንደ ጠረጴዛ መሳቢያ ወደ ፊት ተንሸራቶ ወጣ፤ የሚይዘው አልነበረም። እሳቸው እስኪነግሩኝ መጠበቅ አላስፈለገኝም።

«ጅማት በራጅ አይታይም፤ ራጅ የሚያሳየን አጥንት ነው» አሉ። «እርግጠኛ ለመሆን ኤምአርአይ ተነሺ።»

ፈቲያ ከእኔ ቀጥላ ገባች። ስትወጣ ፊቷ በርቶ ነበር። ከክሊኒኩ ልሄድ ስል ክንዴን ያዘችኝና በሹክሹክታ ጠየቀችኝ፤ አንቺን ምን ምን ጠየቁሽ? ነገርኳት። «እኔንም ያንኑ ነው የጠየቁኝ፤ ለሁሉም አይ፣ አይ፣ አይ ብያቸዋለሁ» አለችኝ፣ ፈተና እንዳለፈ ተማሪ። ድምፅ አልሰማችም። ጉልበቷም አይከዳትም። እግሯን ሲስቡት እንደ ደህናው ቀጥ ብሎ ነው የያዘው። «አንድ ነገር ብቻ፣ ከጉልበቴ በላይ አጥንቱን ጫን ሲያደርጉት ጮህኩባቸው። ሳልንቀሳቀስም፣ ተኝቼም ያመኝ እንደሆነ ደጋግመው ጠየቁኝ። እሱማ ያመኛል፣ እንደዚያ ነው የሚያመኝ አልኳቸው። ከዚያ ዝም አሉ።» ለእሷም ራጅና ኤምአርአይ አዘዙላት።

ያኔ ሁለታችንም ዝምታቸውን ከቁም ነገር አልቆጠርነውም።

ኤምአርአይ ያነሱን በአንድ ቀን ነው። ቀጠሯችንን ሆን ብለን አንድ ላይ አደረግነው። ያንን ጠባብ ዋሻ ፈርቼው ነበር። እሷ ቀድማ ገብታ ወጣችና «ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ሆኖ በረዶ ሲወርድ መስማት ነው፣ ሌላ ምንም የለውም። ዓይንሽን ጨፍነሽ ጭፈራ ቁጠሪበት» አለችኝ። እውነትም ድምፁ ምት ነበረው። እየቆጠርኩ ተነሳሁ።

ከዚያ ወዲያ በየቀኑ እንደዋወል ነበር። ሰፈራችን ሲፈርስ እኔና እማዬ ከከተማው ዳር ወዳለ ኮንዶሚኒየም ስለተዛወርን ፒያሳ ለመምጣት በሁለት ሚኒባስ ነበር የምንገላታው። ቢሆንም እሷን ለማየት ብዬ እመጣ ነበር። አባቷ ሱቅ ውስጥ በክር ካርቶኖች መሀል ተቀምጠን እግራችንን በአንድ በርጩማ ላይ ዘርግተን እናወራለን። በዕድሜ እበልጣታለሁ፤ ግን ታላቅ እህቴ የሆነች ይመስለኝ ነበር። ሰው አይፈራም አፏ። ዚፕ ሊገዛ የመጣ ልብስ ሰፊ ሁለታችንን አይቶ «ምን ሆናችሁ?» ሲል «ሁለታችንም ለአንድ ጎል ተጣልተን ነው» ትለዋለች።

ውጤት የምንሰማበት ቀን መጣ። ክሊኒኩ ውስጥ እንደ መጀመሪያው ቀን ሦስታችን ጎን ለጎን ተቀመጥን። ጋሽ ከድር በእጃቸው መቁጠሪያ ይዘው ነበር፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል።

እኔ ገባሁ። ሐኪሙ ፊልሙን መብራት ላይ አድርገው በብዕር አሳዩኝ። ጅማቱ ሊኖርበት የሚገባው ቦታ ላይ የተበታተነ ግራጫ ነገር ነበር። ሙሉ በሙሉ ተበጥሷል። በአጥንቶቹ መሀል ያለው ልስልስ አጥንትም ተቀዷል። ቀዶ ጥገና ያስፈልገኛል፤ ከጭኔ ጀርባ ጅማት ወስደው አዲስ ይሠሩልኛል። ከዚያ በኋላ ለወራት መማር አለብኝ፣ መራመድን ጭምር።

«ጭፈራስ?» አልኳቸው።

«እናያለን» አሉኝ።

ስወጣ እንባዬ ይወርድ ነበር። ፈቲያ ምንም ሳልነግራት ገባት። ብድግ ብላ አቀፈችኝ፣ ጭንቅላቴን ደረቷ ላይ አድርጋ ሰው እያየን እዚያው ቆመች። «አልቅሺ፣ አልቅሺ። ሲወጣልሽ ደግሞ እኔ እንዴት እንደማስሮጥሽ ታያለሽ» አለችኝ። ከዚያ ስሟ ተጠራ።

ብዙ አልቆየችም። በሩ ሲከፈት በአንድ እግሯ እየዘለለች ነበር የወጣችው።

«ጅማትሽ ምንም አልሆነም አሉኝ! አባዬ፣ ጅማቴ ደህና ነው! አንዱም አልተነካም!»

ጋሽ ከድር ተነስተው ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ ዘረጉ። «አልሐምዱሊላህ» አሉ። ተራ የሚጠብቁት ሁሉ «እንኳን ደስ ያለሽ» አሏት። አንዲት እናት እልል አሉ። እኔም በእንባዬ መሀል ሳምኳት። ከልቤ ነው የሳምኳት።

«አጥንቱ ላይ ትንሽ ነገር አለ፣ ናሙና ይወሰድ ብለዋል፤ እሱ ምንም አይደለም። አባዬ፣ አንተን ይግባ ብለዋል» አለች።

ጋሽ ከድር ዛሬም የያዙትን የጫማ ፌስታል ለእኔ ሰጥተው ገቡ። እሳቸው ቆዩ። ፈቲያ አጠገቤ ተቀምጣ ለአሰልጣኟ ደወለች፤ ቀጥላ ለእናቷ፤ ቀጥላ ለጓደኞቿ። ለሁሉም «ጅማት አይደለም!» ትላለች። የሙከራውን ቀን ይጠይቁልኝ አለች። እኔ ዓይኔ በሩ ላይ ነበር። ለምን እንደዚያ እንደቆዩ አስቤ ሳይሆን የእኔ ሐዘን ስለከበደኝ ብቻ ነው የማየው።

ጋሽ ከድር ሲወጡ በሩን በጣም ቀስ ብለው ዘጉት። ኮፍያቸውን አውልቀው መልሰው አደረጉት። ፈቲያ «ምን አሉህ?» አለቻቸው።

«ደህና ነው አሉ። ናሙናውን ነው የነገሩኝ» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብለው «እናንተ ሂዱና ኬክ ብሉ፤ እኔ ሱቅ ሰው ይጠብቀኛል» አሉ። ፌስታሉን ልመልስላቸው ስዘረጋ አላዩትም።

ከክሊኒኩ ሥር ያለ ኬክ ቤት ገባን። ፈቲያ ማኪያቶና ሁለት ዓይነት ኬክ አዘዘች። እኔን ለማጽናናት ታወራለች፤ አዲስ ጅማት ማለት አዲስ መኪና ማለት ነው፣ ከድሮው ይበልጣል ትለኛለች። እሷ ጀርባዋን ለመስኮቱ ሰጥታ ነበር። እኔ ፊቴን። ከመንገዱ ማዶ አንድ የታጠረ ቦታ አለ፤ በአረንጓዴ ቆርቆሮ የተከለለ። ጋሽ ከድር እዚያ ቆመዋል። ሱቅ አልሄዱም። ፊታቸውን ወደ ቆርቆሮው አዙረው፣ አንድ እጃቸውን ተደግፈው፣ ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። ሰው አጠገባቸው ያልፋል፤ ማንም አላየም።

እኔ አየሁ። የፈቲያ አፍ ላይ ክሬም ነበር። «ምነው ፈዘዝሽ?» አለችኝ። «ጉልበቴን አሞኝ ነው» አልኳት።

ናሙናው ተወሰደ። ውጤቱ እስኪመጣ ሳምንታት ፈጀ። በመሀሉ እሷ ስለ ሙከራው ብቻ ነበር የምታወራው፤ ሕመሙ ግን እየባሰባት፣ ከጉልበቷ በላይ ያለው እብጠት በቱታዋ ላይ መታየት ጀምሮ ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጋሽ ከድር ደወሉልኝ። ድምፃቸውን በስልክ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር።

«ልጄ ስምረት፣ ነገ ፈቲያን ሐኪሙ ዘንድ እወስዳታለሁ። እኔ ልነግራት አልቻልኩም። ሞከርኩ፣ አፌ እምቢ አለኝ። እናቷም አትችልም። አንቺ ብትኖሪላት…»

«እመጣለሁ ጋሽ ከድር» አልኳቸው። «ምንድን ነው ያሉዎት?»

«ካንሰር» አሉኝ።

በማግስቱ ሐኪሙ ክፍል ውስጥ አራት ሆነን ተቀመጥን። እሳቸው ወንበራቸውን ከጠረጴዛው ጀርባ አውጥተው ፊት ለፊቷ አደረጉት። የነገሯት ቀስ ብለው፣ በጥሩ አማርኛ፣ ምንም ሳይደብቁ ነው። ከጉልበቷ በላይ ባለው አጥንት ውስጥ የበቀለ ዕጢ ነው። በግጭቱ የመጣ አይደለም፤ ቀድሞም ነበረ፣ ግጭቱ አሳመመው እንጂ። እንዲህ ያለው ነገር በእሷ ዕድሜ ባሉ ልጆች ላይ፣ እዚያው ጉልበት አካባቢ ነው የሚወጣው፤ ስፖርተኛ ከሆኑ ደግሞ ሰው ሁሉ ጅማት ነው ይላል። ኬሞ ትጀምራለች። እግሯን ለማትረፍ ይሞከራል፤ ላይሆንም ይችላል።

ፈቲያ አላለቀሰችም። ፊልሙን ስታይ ቆየችና እንዲህ አለች።

«ዶክተር፣ ጅማቴ ቢበጠስ ይሻለኝ ነበር ማለት ነው?»

ሐኪሙ መነጽራቸውን አወለቁ። «አዎ ልጄ። በጣም ይሻልሽ ነበር።»

ዞር ብላ ጉልበቴን አየችው። ፊቴን ሳይሆን ጉልበቴን ነው ያየችው። «ስምሪ፣ ዕድለኛ ነሽ እኮ» አለችኝ። ክፋት አልነበረበትም። እውነቷን ነው፤ ልክ ጥሩ ጎል ያገባን ሰው እንደምታደንቅ ነው ያለችው። ያ ቃል ነው ዛሬም ድረስ የሚያመኝ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ በፍጥነት ሄደ። ኬሞ ስትጀምር ጸጉሯ ረገፈ፤ ሻርፗን ወደ ግንባሯ ዝቅ አድርጋ ታስረው ጀመር። የእኔ የቀዶ ጥገና ወረፋ የደረሰው እሷ ሕክምና ላይ እያለች ነው። ልተወው ብዬ ነበር፤ እሷ ከሆስፒታል ወደ ሆስፒታል እየተመላለሰች እኔ ስለ ጭፈራ መጨነቄ አሳፍሮኝ። ስትሰማ ተቆጣች። «አንቺ ብትቀሪ የኔ ይድናል? ሂጂና ተሠሪ! ከሁለታችን አንዳችን እንኳን ጨዋታ ላይ እንግባ እንጂ» አለችኝ። ገባሁ። ተሠራሁ።

እኔ ክራንች ይዤ መራመድ ስጀምር እግሯን ከጉልበቷ በላይ ቆረጡት።

ሆስፒታል ልጠይቃት ስገባ ምን እንደምላት በመንገድ ሙሉ ሳስብ ነበር የመጣሁት። ብርድ ልብሱ ከአንድ ጎን ጠፍጣፋ ነበር። ሳየው ያሰብኩት ሁሉ ጠፋኝ። እሷ ነች የጀመረችው።

«ስምሪ፣ ያ ደህናው ጅማቴ እኮ» አለችኝ፣ «አብሮ ሄደ።»

ሳቀች፤ እኔም ሳቅኩ። ከዚያ ሁለታችንም አለቀስን። ጋሽ ከድር በሩ ላይ ቆመው ነበር፤ አይተውን ተመልሰው ወጡ።

ለጥቂት ጊዜ የተሻላት መሰለ። ያኔ ነው ለጉልበቴ ፊዚዮቴራፒ ወደምሠራበት ቦታ መምጣት የጀመረችው። አባቷ በታክሲ ያመጧታል፤ በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጣ እንደ አሰልጣኝ ትጮህብኛለች። ጉልበቴን ማጠፍ ሲያቅተኝ «ጨመር! ጨመር! እያሾፍሽ ነው!» ትላለች። እዚያ ያሉት በሽተኞች ሁሉ ይፈሯት ነበር፤ በኋላ እሷ ካልመጣች መሥራት አንፈልግም ማለት ጀመሩ። አንድ ቀን እንቅስቃሴዬን ስጨርስ ጎንበስ ብላ የቀዶ ጥገና ጠባሳዬን በጣቷ ዳሰሰችው። «ይሄ ደግሞ ቀጥ አድርጎ ይይዛል?» አለችኝ። «ይይዛል ይላሉ» አልኳት። «ጥሩ። መድረክ ላይ ስትወጪ ከፊት ነው የምቀመጠው» አለችኝ።

ክረምቱ ሲገባ ማሳል ጀመረች። ብርድ ነው አልን። ብርድ አልነበረም፤ ሳንባዋ ጋ ደርሶ ነበር። መጨረሻ ላይ ወደ ቤት መልሰው አመጧት። ሳያት ድምጿ ትንፋሽ ብቻ ሆኖ ነበር። እጄን ይዛ የምትለው ነገር እንዳላት ስመለከት ጆሮዬን አስጠጋሁ። «አባዬን አየት አየት አድርጊው» አለችኝ። ሌላ ምንም አላለችኝም። ከዚያ በኋላ በሕይወት አላየኋትም።

የሞተችው ጠዋት ነው፤ የተቀበረችውም በዚያው ቀን። ወንዶቹ ወደ መቃብር ሲሄዱ እኔ ከሴቶቹ ጋር ቤት ቀረሁ። ሁሉም ፍራሽና ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል። ጉልበቴ ገና እስከ መጨረሻ ስለማይታጠፍ መሬት መቀመጥ አልቻልኩም፤ ወንበር አመጡልኝ። ከሁሉም በላይ ከፍ ብዬ ተቀመጥኩ። አንዲት ከገጠር የመጡ አክስቷ ክራንቼን አይተው «የኔ ልጅ፣ አንቺም የሷ ሕመም ነው እንዴ የያዘሽ?» አሉኝ።

«አይደለም እማማ» አልኳቸው። «የኔ ጅማት ነው።»

«እሰይ» አሉ እሳቸው። «እሰይ የኔ ልጅ።» የምወርድበት መሬት ጠፋኝ።

ከዚያ ብዙ ወራት ካለፈ በኋላ ለመጨረሻ ምርመራ ሐኪሙ ዘንድ ሄድኩ። እንደ መጀመሪያው ቀን አስተኝተውኝ ባቴን ወደ ፊት ሳቡት። አዲሱ ጅማት ቀጥ አድርጎ ያዘው። «በጣም ጥሩ ነው፤ ቀስ ብለሽ ወደ ሥራሽ መመለስ ትችያለሽ» አሉኝ። አለቀስኩ። ያሳመሙኝ መስሏቸው እጃቸውን አነሱ። ሕመም አለመሆኑን ነገርኳቸው። «የማን እንባ እንደሆነ ገብቶኛል» አሉኝና ወደ መስኮቱ ዞሩ። እሳቸውም አልረሷትም።

ወደ ጭፈራው ተመልሻለሁ። እንደ ድሮው አልዘልም፤ ከኋላ መስመር ነው የምቆመው። አሁን ለአዳዲስ ልጆች ማስተማር ይበዛል ሥራዬ። ከልጆቹ አንዷ ጉልበቷን ካመማት፣ ሳትንቀሳቀስም ያማት እንደሆነ ሳልጠይቅ አላልፋትም። «ተኝተሽም ያምሻል?» እላታለሁ። ጅማት ብቻ ይሁንላት ብዬ እጸልያለሁ። እንዲህ ብሎ የሚጸልይ ሰው አለ ቢሉኝ ድሮ አላምንም ነበር።

ጋሽ ከድርን አልተውኳቸውም። ፒያሳ በመጣሁ ቁጥር ሱቃቸው ጎራ እላለሁ፤ በዓል ሲሆን ደግሞ ቤታቸው እሄዳለሁ። በጣም አርጅተዋል። ስለ ፈቲያ አናወራም። ጀምረን ነበር አንድ ሁለቴ፤ አልቻልንም። በር ላይ ሲያዩኝ ግን፣ ሰላምታ ሳይሰጡኝ፣ እናቴን ሳይጠይቁኝ፣ መጀመሪያ የሚሉት ሁልጊዜ አንድ ነው።

«ጉልበትሽስ?»

«ደህና ነው ጋሽ ከድር» እላቸዋለሁ።

ይህንን ስላቸው ከልባቸው ደስ ይላቸዋል። ፊታቸው በአንዴ ይፈታል። ክር ሊገዛ የመጣውን ሰው ትተው ወንበር ይስቡልኛል፤ ለጎረቤቱ ባለሱቅ «ይቺ ልጄ ድና መጣች እኮ» ይሉታል። ትንሽ ቢከፉ፣ ትንሽ ቢቀኑብኝ ይቀለኝ ነበር። አይቀኑም። ሻይ እያዘዙልኝ ቁልቁለቱን ስወርድ እንድጠነቀቅ ይመክሩኛል፤ እኔም እሺ ብዬ እወጣና ከሱቃቸው ፈንጠር ብዬ፣ የማያዩኝ ቦታ ስደርስ፣ እዚያው ቆሜ አለቅሳለሁ።